120 ቮልት የሚል የቤዝ አምፕ ይዘህ ከሆነ፣ ሳትሰካው ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳየው ደነገጥኩ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚል የቤዝ አምፕ ሄድ (ስፒከር የሌለው የቤዝ ጊታር ማጉያ) ተልኮልሃል። ቤትህ ያለው 230 ነው። ሰዎች ደግሞ «ቀላል አምፕ ስለሆነ ራሱ ያስተካክላል» ብለውሃል። በዚያ ላይ ባለ 8 ኦም ካቢኔትህ (የስፒከር ሳጥንህ) ላይ ባለ 4 ኦም ልትጨምር አስበሃል። በሁለቱም በኩል አልፌያለሁና ስማኝ።

1. ቮልቱ። ክብደቱ ምንም አያረጋግጥም። ቀላል የሆነው ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ስዊቺንግ (ከባድ ትራንስፎርመር የማያስፈልገው ዓይነት) ስለሆነ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ የሚቀበል አለ። ከጀርባው ወይም ከውስጡ የቮልት መቀየሪያ ያለው አለ። ለአንድ ዓይነት ቮልት ብቻ፣ ለ120 ወይም ለ230፣ የተሠራም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት ቦታ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ነው። «100-240» ካለ ሰካው። «120» ብቻ ካለ 120 ነው፣ አለቀ።

የእኔን አምፕ የሰካው «ባለሙያ» ነው የተባለ ጠጋኝ ነበር። ጽሑፉን በጣቴ እያሳየሁት «እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አለኝና ሰካው። ጧ! ፊውዙ ሄደ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አምፑ ይተርፍ ነበር። ብዙ አምፖች መግቢያቸው ላይ ቫሪስተር የምትባል ትንሽ ነገር አለቻቸው። ቮልት ሲበዛ እሷ ትሞትና ፊውዙን ታቃጥላለች፣ የቀረው ብዙ ጊዜ ይድናል። ሁለቱን መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ሰውዬው ግን «ፊውዙ አንሶት ነው» ብሎ ትልቅ ፊውዝ ከተተበት። ሁለተኛው ጩኸት ከመጀመሪያው ባሰ። ካፓሲተሮቹ ፈነዱ፣ ክፍሉ በጭስ ታፈነ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድሮም የተበላሸ ነው ያመጣህልኝ።» ይባስ ብሎ የምርመራ ሂሳብ ጠየቀኝ! አልከፈልኩም። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እና አምፕህ መቀየሪያ ካለው ወደ 230 አዙረው፣ ግን ፊውዙንም ቀይር። ለ230 የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የ120ውን ግማሽ ያህል አምፒር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ራሱ አምፑ ላይ ይጻፋል። መቀየሪያ ከሌለው ከ230 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡትን ትንንሽ ቀላል መቀየሪያዎች ግን አትንካቸው፣ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆኑም። የትራንስፎርመሩ አቅም አምፑ ላይ ከተጻፈው ፍጆታ በደንብ ይብለጥ። ቤዝ ሲመታ በአንዴ ብዙ ይስባል።

2. ኦሙ። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ ያለው መቋቋም ነው፤ ሲያንስ አምፑ ላይ ጫናው ይበዛል። የባንዳችን ኪቦርዲስት «4 እና 8 ሲደመር 12 ነው፣ 12 ደግሞ ከ4 ይበልጣል፣ ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞክሮ ነበር። አይደመርም! ከአምፑ ጀርባ ያሉት ሁለት የስፒከር ጃኮች አብዛኛውን ጊዜ በትይዩ (ጎን ለጎን እንጂ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ሳይሆን) የተያያዙ ናቸው። ካቢኔቱ ላይ ያለችው ሁለተኛ ጃክም እንደዚያው። በትይዩ ሲሆን ኦሙ ይወርዳል። 8 እና 8 ሲገናኙ 4 ይሆናሉ። 8 እና 4 ግን 2.67 አካባቢ ነው የሚሆኑት። ሄድህ «ዝቅተኛ 4 ኦም» የሚል ከሆነ ይህ ከአቅሙ በላይ ነው። ክፋቱ ቤት ውስጥ ቀስ አድርገህ ስትጫወት ምንም አይልህም። መድረክ ላይ ከፍ ስታደርገው ነው ግሎ ጸጥ የሚለው፣ ያውም ዘፈኑ መሃል። ኪቦርዲስታችን በሌላ ሰው አምፕ ሞክሮት አይቶታል፣ አሁን ስለ ሂሳብ አያወራኝም።

2 ኦም የሚችሉ ሄዶች የሉም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው አምፔግ ኤስቪቲ 2 ኦም ይችል ነበር፣ ሁለት ግዙፍ ባለ 4 ኦም ካቢኔቶችን እንዲነዳ ስለታሰበ። የአንተ ግን የሚችል ከሆነ ራሱ ይጽፈዋል።

ስለዚህ 4 ኦሙን ካቢኔት ተወውና ሌላ ባለ 8 ኦም ፈልግ። እስክታገኝ በአንዱ 8 ብቻ ተጫወት። ዋቱ ይቀንሳል እንጂ የትራንዚስተር አምፕ በ8 ኦም አይጎዳም። ዋቱ በግማሽ ቢወርድ እንኳ የድምፁ ልዩነት 3 ዴሲቤል ነው፣ ሰዎች እንደሚያጋንኑት አይደለም። የካቢኔቱ ጽሑፍ ከጠፋ በመልቲሜትር ለካው። ባለ 8 ኦም የሆነው 6 አካባቢ ያሳያል፣ ባለ 4ቱ ደግሞ 3 አካባቢ።

የአንተ አምፕ ቲዩብ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። የኦም መምረጫውን ከካቢኔቱ ጋር አስተካክል፣ ስፒከር ሳይያያዝ ደግሞ በጭራሽ አታብራው። ሄዱንና ካቢኔቱን የምታገናኝበትም የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ ጫፉ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን ቀጭን ነው፣ ይግላል። የአምፑን ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።