የጥጥ መጋረጃዬ ታጥቦ አጠረብኝ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የሳሎኔን የጥጥ መጋረጃ ያሰፋሁት ባለሙያ ዘንድ ነበር፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደታጠበ አራት ጣት ያህል አጠረ፣ ጎኖቹም ተኮማተሩ። አሁን የስፌት መኪና ስላለኝ አዲሱን ራሴ ለመስፋት ወስኛለሁ። የመጋረጃው ዘንግ 200 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከቀለበቶቹ እስከ ወለሉ 240 ሴንቲ ሜትር ነው። የመረጥኩት አንድ ቀለም ያለው የጥጥ ጨርቅ ወርዱ 140 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንት ሜትር ልግዛ? ባለቤቴ ዘንጉን የሚሸፍን ያህል ይበቃል ይላል። መስኮቱን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለሚመታው ገበር ያስፈልገው እንደሆነም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

የጥጥ ክር ሲሸመን ተወጥሮ ስለሚቆይ፣ ውሃ ሲነካው ውጥረቱን ይለቅና ጨርቁ ያጥራል። ስለዚህ አዲሱን ጨርቅ መቀስ ሳይነካው፣ ወደፊት መጋረጃውን በሚያጥቡበት መንገድና በዚያው የውሃ ሙቀት አስቀድመው ይጠቡት፤ ጥቂት እርጥበት እንዳለውም ይተኩሱት።

በወርዱ ጉዳይ ከባለቤትዎ ጋር አልስማማም። ዘንጉን ብቻ የሚሸፍን ጨርቅ ሲዘጋ እንደ ተሰጣ አንሶላ ይወጠራል እንጂ መጋረጃ አይመስልም፤ ውበቱ ከሽንሽኑ ነውና የጨርቁ ወርድ የዘንጉን ሁለት እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ገንዘብ የሚያሳስብ ከሆነ ውድ ጨርቅ በስስት ከመቁረጥ ርካሹን በልግስና መግዛት ይሻላል። ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሆን 420 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለጠርዝና ለመጋጠሚያ የሚታጠፈው ሲቀነስ ከሁለት እጥፍ እምብዛም አይጎድልም። አንዱን ቁራጭ ቁመቱን ተከትለው ለሁለት ይክፈሉትና ግማሹን በእያንዳንዱ መጋረጃ የውጭ ጎን ያጋጥሙት። የእያንዳንዱ ቁራጭ ቁመት ለታች እጥፋት 20፣ ለራስጌው 10 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ 270 ሲሆን፣ ሦስቱ 8.10 ሜትር ይፈልጋሉ። ለእጥበቱና ጫፉን ለማስተካከል ሲታሰብ 9 ሜትር ይግዙ።

ሲቆርጡ ዓይንዎን አይመኑ፤ አንድ ማግ፣ ማለትም በጨርቁ ወርድ የሚያልፍ ክር፣ ስበው ያውጡና የተወውን መስመር ተከትለው ይቁረጡ፣ አለበለዚያ መጋረጃው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የጎኖቹ መኮማተር ምናልባት የመጣው ጠበቅ ብሎ ከተሸመነው የጨርቁ ዳር ነው፤ ይህ ዳር ሲታጠብ ከመሀሉ ይበልጥ ሊሰበሰብ ስለሚችል፣ ከማጠፍዎ በፊት ቆርጠው ያስወግዱት። ከዚያ ጎኖቹን ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ተኩሰው፣ በ3 ሚሊ ሜትር እርምጃ ይስፏቸው፤ መኪናው ክሩን አጥብቆ እንዳይስብም በቁራጭ ጨርቅ ላይ አስቀድመው ይሞክሩት።

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት የታችኛው ጠርዝ ነው፤ እኔ ግን የመጨረሻው ሥራ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ። ጨርቅ በራሱ ክብደት ስለሚሳብ፣ ራስጌውና ጎኖቹ እንዳለቁ ጥቂት ቀናት ሰቅለው ይተዉት፤ ከዚያ እዚያው በተሰቀለበት ከወለሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በስፒል ይያዙትና አውርደው ይስፉት። አሥር ሴንቲ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ማጠፍ ክብደት ስለሚሰጠው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ምናልባት ኋላ ቢያጥር ደግሞ የሚለቀቅ ጨርቅ ይኖርዎታል።

ገበሩን አይተዉት። የከሰዓት ፀሐይ ቀለሙን ከማደብዘዝ አልፎ ክሩን ያደክማል፤ ገበር ግን ብርሃኑን ቀድሞ ይቀበላል፣ ሲያልቅም እሱ ብቻ ይለወጣል። እሱንም አስቀድመው ይጠቡት፣ ከዋናው ጨርቅ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩት፣ ከራስጌውና ከጎኖቹም ጋር ብቻ አያይዘው የታች ጠርዙን ለብቻው ይስፉት።