የተቆለፈ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?

ጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ አላቸው። ለተለያዩ ድርጅቶች ሂሳብ ይይዛሉ፣ ፔሮል (የሠራተኞች ደመወዝ ስሌት) ይሠራሉ። አንዲት ሠራተኛቸው የሦስት ደንበኞችን የፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) ባክአፕና የደመወዝ ዝርዝር በፍላሽ ይዛ ስትሄድ ትናንት ማታ ቦርሳዋን ታክሲ ውስጥ ረሳችው። ፍላሹ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የመቆለፊያ ፕሮግራም ተቆልፏል። «ፓስወርድ ስላለው ዝም ብል ችግር አለው? ኪሳራ ቢመጣስ ከደመወዟ መቁረጥ ወይም እሷን ማሰናበት እችላለሁ?» ብለው ጠይቀዋል።

ዝም አይበሉ። ሰዓቱ እየቆጠረ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ደመወዝ የያዘ ፍላሽ መጥፋቱ የቢሮዎ የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዋጁ የመረጃ ጥሰት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነገር ይፈልጋል። የሚቆጠረው ነገሩ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ቅዳሜና እሁድን እንደ እረፍት አይቁጠሩት።

አንድ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የፔሮሉ መረጃ የእርስዎ አይደለም፣ የደንበኞችዎ ሠራተኞች ነው፤ ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ደንበኛዎ ሲሆን እርስዎ በእሱ ትእዛዝ የሚሠሩ ነዎት። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው ሦስቱ ድርጅቶች ናቸው፣ ዛሬውኑ፣ በስልክ ደውለው ወዲያው በደብዳቤ ያረጋግጡላቸው። ደንበኛ ከሌላ ሰው ከሰማው ያኔ የሚጠፋው ፍላሽ ብቻ አይሆንም።

«ግን ተቆልፏል» ይላሉ። ትክክል ነው፣ መቆለፉ ብዙ ይረዳዎታል። በ2017 (እንደ ፈረንጆቹ) ከለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ አንድ ሠራተኛ የጣለው ፍላሽ ከ1,000 በላይ ፋይል ነበረበት፣ አልተቆለፈም፣ ያገኘው መንገደኛ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አየው። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አየር ማረፊያውን 120,000 ፓውንድ ቀጣው። በ2022 ደግሞ በጃፓን አማጋሳኪ ከተማ የአንድ ተቋራጭ ሠራተኛ ወደ 460,000 ነዋሪዎችን መረጃ የያዘ ፍላሽ ይዞ ጠጥቶ መንገድ ላይ ተኛ፣ ሲነቃ ቦርሳው የለም። ይኼኛው ተቆልፎ ነበር፣ ቦርሳውም በኋላ ተገኘ። የሚያሳዝነው ግን ባለሥልጣናቱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ፓስወርዱ 13 ቁምፊ እንደሆነ ተናገሩ። እባክዎ ስለ ፓስወርድዎ ለማንም አንዲት ቃል አይተንፍሱ፣ ርዝመቱንም ጭምር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቢትሎከር ሲቆልፉ የ48 አሃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ይሰጥዎታል፣ አስቀምጡት ወይም አትሙት ይላል። ብዙ ቢሮ ያትመውና ወረቀቱን ከፍላሹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። ያቺ ወረቀት አሁን የት ናት? ሠራተኛዋን ይጠይቁ። ቦርሳው ውስጥ ከነበረች ፍላሹ እንዳልተቆለፈ ቆጥረው ይንቀሳቀሱ፣ ለደንበኞችዎም እንዲሁ ይንገሩ፣ ምክንያቱም ስጋቱ ከፍ ካለ የደንበኞችዎ ሠራተኞችም ራሳቸው እንዲያውቁት ያስፈልጋል። ፓስወርዱ የድርጅቱ ስምና ዓመተ ምህረት ከሆነም ያው ነው።

መቆለፉን ደግሞ ማስረዳት መቻል አለብዎት። «ተቆልፎ ነበር» የሚል ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማን ቆለፈው፣ መቼ፣ በየትኛው ኮምፒውተር፣ ቁልፉን ማን ያውቃል፣ ምን ምን ፋይል ነበረበት የሚለውን ዛሬ በቃለ ጉባኤ ይያዙ፣ ሠራተኛዋ ቃሏን በጽሑፍ ትስጥ፣ ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ መጥፋቱን ታስመዝግብ። ከወር በኋላ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ ማንንም አያሳምንም።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። በራስዎ ውሳኔ መቁረጥ አይችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው ይላል። ተፈቅዶም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። አስፈርሜ ልቁረጥ ብለው ደግሞ ደንግጣ ባለችበት ሰዓት ወረቀት አያቅርቡላት። ክርክር ይጋብዛል፣ ለሰውም አይገባም።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው በንብረት ላይ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ሲደርስ ነው። ቦርሳ መርሳት ብቻውን ከባድ ቸልተኝነት ነው ብዬ አልከራከርልዎትም። በተለይ ፍላሽ ይዛ እንድትሄድ ያዘዟት እርስዎ ከሆኑና ስለ አያያዙ የተጻፈ መመሪያ ካልሰጧት፣ ጥፋቱ ከእሷ ይልቅ ወደ ቢሮው ያጋድላል። መመሪያው በፊርማዋ ተሰጥቷት፣ ቁልፉን ከፍላሹ ጋር አታስቀምጪ ተብላ ካስቀመጠች ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔም ቢሆን ምክንያቱን ካወቁበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰኑ መብቱ ያልፍዎታል። ያለ አግባብ ካሰናበቱና ወደ ሥራ ካልመለሷት ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊፈረድብዎት ይችላል። የእኔ ምክር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፣ እሱም ከማጣራት በኋላ።

ፍላሹን ያገኘ ሰው ወይም ተፎካካሪ ቢሮ መረጃውን ከፍቶ ቢጠቀምበትስ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልተፈቀደለትን መረጃ የከፈተውን ያስቀጣል። የሌላውን የንግድ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጠቀም ደግሞ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተገቢ ያልሆነ ውድድር ነው።

ለወደፊቱ የይለፍ ቁጥሩ (ፒን) በፍላሹ በራሱ ላይ የሚመታበትን፣ ከተወሰነ ስህተት በኋላ በውስጡ ያለውን መረጃ የሚያጠፋ ፍላሽ ይግዙ። ቢሮ ውስጥ ሌላ ቅጂ መኖሩን ሳያረጋግጡ ግን እንዳይጠቀሙበት። አሁን ከሦስቱ ደንበኞች ጋር የተፈራረሙትን ውል አውጡና የምስጢር ጥበቃ አንቀጹን ያንብቡ። የጉዳት ካሳ መጠን ቀድሞ የተወሰነበት ውል ካለ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ለጠበቃዎ ያሳዩት፣ ግን ስልኩን መደወል አያዘግዩ።