በፕሮግራሚንግ ስለ ፊልድና ስለ ፕራይቬት፦ የአባላት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፊልድ ከተራ ቫሪያብል በምን ይለያል?

መልስ፦ ፊልድ በክላሱ (የኦብጀክቶች ንድፍ በሆነው ኮድ) ውስጥ፣ ከሜተዶች (ሥራ ከሚሠሩት የክላሱ ክፍሎች) ውጭ የሚታወጅ ሲሆን ኦብጀክቱ እስካለ ድረስ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ በሜተድ ውስጥ የታወጀው ግን ሜተዱ ሲያበቃ ያበቃል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ፊልድ ፕራይቬት አድርጌ ለእያንዳንዳቸው ጌተርና ሴተር (ዋጋውን የሚመልስና የሚቀይር ሜተድ) ጽፌያለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ይህ ልማድ እንዴት እንዲህ እንደተስፋፋ ይገርመኛል። ፊልድን ፕራይቬት (ከክላሱ ኮድ ውጭ የማይነካ) የምናደርገው ክላሱ የቆመበትን ደንብ ማንም ከውጭ እንዳያፈርስ ነው። መነሻና መድረሻ ቀን የሚይዝ «ጊዜ» የሚባል የጃቫ ክላስ አለ እንበል፤ ደንቡም መነሻው ምንጊዜም ከመድረሻው መቅደም አለበት የሚል ነው። ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱን የሚያዘጋጀው ኮድ) ይህን ቢያረጋግጥም፣ የተሰጠውን ሁሉ ሳይመረምር የሚቀበል ሴተር ካለ ደንቡ ፈረሰ ማለት ነው፤ ፊልዱን ፐብሊክ (ለሁሉም ክፍት) ቢያደርጉት ቢያንስ ጥቂት መስመር ይቆጥቡ ነበር። ይልቅስ ሁለቱን ቀኖች በአንድነት ተቀብሎ የሚመረምር አንድ ሜተድ ይጻፉና ሴተሮቹን ያጥፏቸው።

ጌተሩም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ፊልዱ የጃቫ የቀድሞው የቀን ክላስ «ዴት» ከሆነ፣ ጌተሩ የሚመልሰው ቅጂ ሳይሆን የዚያኑ ኦብጀክት ሪፈረንስ (አመልካች) ነው። ስለዚህ ተቀባዩ በተሰጠው ላይ «ሴትታይም» የሚለውን ሜተድ ቢጠራ፣ ፊልዱ ፕራይቬትም ፋይናልም ሆኖ ሳለ የክላስዎ መነሻ ቀን እርስዎ ሳያውቁት ይለወጣል፤ ፋይናል የሚያስረው ሪፈረንሱን ብቻ ነውና። በኮንስትራክተር በኩል የገባውም ኦብጀክት እንዲሁ በሰጪው እጅ ስለሚቀር፣ መጀመሪያ ይቅዱት፣ ከዚያ ቅጂውን ይመርምሩ። በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው «ሎካልዴት» አንዴ ከተፈጠረ ስለማይለወጥ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያሳርፋል።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃል በፕራይቬት ፊልድ ባስቀምጥ ከሰርጎ ገብ ይጠበቃል?

መልስ፦ አይጠበቅም። ፕራይቬት ለፕሮግራመር የተሰመረ ድንበር ነው፤ ምስጢር አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ኮዴ ስለ ፕራይቬት ስህተት ያሳየኛል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክላሱንም የስህተቱን መልእክትም ሳያሳዩን ምን ብለን እንመልስልዎ?

ጥያቄ፦ በፓይተንስ ፕራይቬት አለ?

አንድ አባል፦ የለም፤ ስለዚህም ፓይተንን ኦብጀክት ተኮር ቋንቋ ማለት ይከብደኛል።

ሌላ አባል፦ በዚህ ስሌት ብዙ ቋንቋ ይወድቃል። የታይፕስክሪፕት ፕራይቬትም ቢሆን የሚሠራው እስከ ኮምፓይለሩ (ኮዱን መርምሮ እስከሚተረጉመው ፕሮግራም) ድረስ ብቻ ነው።

አንድ አባል፦ ታይፕስክሪፕትንም ቢሆን መች ተቀበልኩት?

መልስ፦ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ያቆዩትና ወደ ጥያቄው እንመለስ። በፓይተን በሁለት አንደርስኮር የሚጀምር የፊልድ ስም የክላሱ ስም ከፊቱ ተጨምሮበት ይቀየራል፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል ራስዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። በ«ጊዜ» ክላስ ውስጥ «__መነሻ» ብለው ቢጽፉ ከውጭ በዚህ ስም አያገኙትም፤ «_ጊዜ__መነሻ» ቢሉ ግን ያገኙታል። ዓላማው ንዑስ ክላስ (ከሌላ ክላስ የሚወርስ ክላስ) በስም መመሳሰል ሳያውቅ የወላጁን ፊልድ እንዳይደፍቅ ነው። በአንድ አንደርስኮር የሚጀምር ስም ደግሞ «ከውጭ አትንካው» የሚል የጋራ ስምምነት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለት አንደርስኮር ባደርግበት የይለፍ ቃሉ ይደበቃል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ በየትኛውም ቋንቋ ፕራይቬትን ምስጢር መደበቂያ አያድርጉት። በጃቫም ቢሆን ሞጁል (የኮድ ጥቅል) ካልከለከለ በቀር ፕራይቬት ፊልድ በሪፍሌክሽን (ፕሮግራም የክላስን ውስጥ በሚመረምርበት መንገድ) ይነበባል።

ጥያቄ፦ በጃቫ ሁለት ኦብጀክቶችን የሚያወዳድር ሜተድ ስጽፍ የሌላውን ኦብጀክት ፕራይቬት ፊልድ በቀጥታ አነበብኩ፤ ኮምፓይለሩም ዝም አለ። ጉድለት ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በጃቫ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በሲ ሻርፕ ድንበሩ የክላሱ እንጂ የኦብጀክቱ አይደለም፤ የአንድ ክላስ ኦብጀክቶች አንዱ የሌላውን ፕራይቬት ያያሉ። በስሞልቶክ ግን እያንዳንዱ ኦብጀክት የሚደርሰው በራሱ ቫሪያብል ላይ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ንዑስ ክላስስ የወላጁን ፕራይቬት ፊልድ ይወርሳል?

መልስ፦ በኦብጀክቱ ውስጥ ፊልዱ አለ፤ ነገር ግን የንዑስ ክላሱ ኮድ በስሙ ሊጠራው ስለማይችል፣ የሚደርስበት ወላጁ በተወለት ሜተድ ብቻ ነው።