ሚስማሩ ዙሪያ የጠቆረ ጀልባ እንዴት ይጠገናል?

ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ከጎርጎራ የጻፉልን የጀልባ ባለቤት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዘጠኝ ሜትር የምትረዝም የጣውላ ጀልባቸው በየሚስማሩ ሥር ውሃ ታስገባለች፤ ሚስማሩ ዙሪያ ያለው እንጨትም ጠቁሮ ለስልሷል። ወፍራም ሚስማር ደግመው መትተው በፋይበር ግላስ ሊያለብሷት አስበዋል። «የባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ መርከቦች ከእንጨት ተሠርተው ስንት ዘመን ሲያገለግሉ፣ የእኔዋን በስድስት ዓመቷ ምን ነካት?» ይላሉ።

የነካት ሚስማሯ ነው። ተራ ብረት እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲዝግ ዙሪያውን ያጠቁራል፣ የእንጨቱንም ክር ይበላል። ሚስማሩ ይቀጥናል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በዚያው ቀዳዳ ወፍራም ሚስማር ቢመቱ የሚይዘው ጤነኛ እንጨት የለም፤ ይልቁንም ጣውላውን ይሰነጥቀዋል።

ፈንጂ ጠራጊዎቹ ከእንጨት የተሠሩት የብረት መርከብ በመግነጢስ የሚቀሰቀሰውን ፈንጂ ስለሚያፈነዳ ነው። ስለዚህ ማያያዣቸውም ነሐስና መግነጢስ የማይስበው ብረት ሆነ፤ ለፈንጂ የተደረገው ጥንቃቄ እንጨቱንም ከዝገት አተረፈው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩ የአሜሪካ የእንጨት ፈንጂ ጠራጊዎች በ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ተሰማርተዋል። የእርስዎም ጀልባ ዕድሜ የተንጠለጠለው ከጣውላው ይልቅ በማያያዣው ላይ ነው።

ሐይቁ በሚጎድልበት ወራት ያውጧት። ክብደቷ በታችኛው ዋና ግንድ ላይ ይረፍ፤ የጎን ድጋፉ እንዳትጋደም ብቻ ነው። ጥላ ሥር ሦስት አራት ሳምንት ትድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተተወች ጣውላው ይተረተራል። ከዚያ በየሚስማሩ ዙሪያ በወስፌ ይውጉ። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይገፋዋል፤ የታመመው እንደ ቡሽ ያስገባዋል። ያንን በኖራ ምልክት ያድርጉበት።

ሚስማሩን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይንቀሉ፣ ቅርጿ ይዛባል። አንድ ጣውላ ጨርሰው ወደ ሌላው ይለፉ። የጠቆረውን ጤነኛ እንጨት እስኪያገኙ በትራፓኖ ያውጡና ክሩ ከጣውላው ክር ጋር የሚሄድ የእንጨት ውታፍ በኢፖክሲ ኮላ ይድፈኑበት። በሚስማሩ ፈንታ የሚገባው አዲሱ ቪቴ (እየተጠመዘዘ የሚገባ ባለጥርስ ማያያዣ) ከውታፉ ጎን፣ በሌላ የክር መስመር ላይ ይግባ። ጣውላው 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቪቴው 60 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አስቀድመው በቀጭን መብሻ ይብሱለት። ጣውላው የሚያያዝበት የውስጡ አቃፊ እንጨት ራሱ ከላላ ግን የትኛውም ቪቴ አይይዝም፤ ጎኑ ሌላ አቃፊ ይጨመርለት።

የነሐስ ቪቴ ካላገኙ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣውን፣ ግራጫና ሻካራውን ይግዙ። የሚያብረቀርቀው ቅቡ ስስ ነው፣ ቶሎ ይለቃል። ነሐስና ዚንክ ቅብ ውሃ ውስጥ አይቀላቅሉ፤ ነሐሱ ዚንኩን ያስበላዋል።

ፋይበር ግላሱን ይተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሥራ የጀመሩት የአሜሪካ ፈንጂ ጠራጊዎች የእንጨት ቀፏቸው ፋይበር ግላስ ለብሷል፤ ግን ሲሠሩ ጀምሮ ለዚያው ታስቦ ነው። የእርስዎ ጣውላዎች ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ልባሱ ይላቀቃል፣ ከሥሩ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል። መገጣጠሚያውን ጥጥ ጠቅጥቀው በሚለጠጥ የፖሊዩሪታን ማሸጊያ ይዝጉት። የሚደርቅ ስቱኮ አይሆንም፤ ጣውላው ሲያብጥ ቦታ አጥቶ አቃፊውን ይገፋዋል።

የክረምት ዝናብ ከሐይቁ ውሃ የባሰ ጠላት ነው። ጀልባዋ ውስጥ የተኛ የዝናብ ውሃ ሻጋታ ይጠራል። ሸራ ይጋርዷት፣ ግን ጫፍና ጫፉ ንፋስ ያሳልፍ፤ የወለሉን ጣውላ አንስተው ያናፍሷት። በውጭ አገር እንጨቱ እንዳይበሰብስ በመርከብ አቃፊዎች መሃል ጨው ይጨመር ነበር፤ የብረት ሚስማር ባለበት ግን አሞሌ መነስነስ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ወደ ውሃ ስትመለስ የመጀመሪያውን ቀን ሁለቱን ታፈሳለች፤ ጣውላው እስኪያብጥ ነው። ጭነት ሳይጭኑ ዳር አስረው ይጠብቋት፣ ውሃውን ይቅዱ፣ ጥጥ አይጨምሩ። በአራተኛው ቀንም ባንድ ቦታ የምታፈስ ከሆነ አውጥተው ያንን መገጣጠሚያ ብቻ ይክፈቱ።