ግራናይት ከየት መጣ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ አህጉሮች እንቅስቃሴ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ድንጋይ ላይ ነው፤ በግራናይት። ደስ ብሎኛል። የምድርን የጥንት ታሪክ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም ብዬ አምናለሁ። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

ግራናይት ማግማ (በምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ) ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ድንጋይ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ከፕሌቶች (የምድር ውጫዊ ክፍል ከተከፈለባቸው ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ገበታዎች) እንቅስቃሴ ጋር ምን አገናኘው?

የተማራችሁት ልክ ነው። ዋናው ነገር ግን ማግማው ራሱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ከመሬት ቅርፊት በታች ያለው ማንትል ሲቀልጥ በአብዛኛው የሚሰጠው ባዛልት የሚባለውን ጥቁርና ከባድ ድንጋይ እንጂ ግራናይት አይደለም። ባዛልት ውስጥ ያለው ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ) 50 በመቶ አካባቢ ነው፤ ግራናይት ውስጥ ግን ወደ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንዴ መቅለጥ ብቻውን አይበቃም። ከማንትል የወጣው ነገር መጣራት አለበት፤ ወይ እንደገና ይቀልጣል፣ ወይ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ብረትና ማግኒዚየም የበዛባቸው ክሪስታሎች ከታች ይቀሩና በሲሊካ የበለጸገው ፈሳሽ ወደ ላይ ይወጣል።

ፕሌቶቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የውቅያኖስ ወለል ለሚሊዮኖች ዓመታት ከባሕር ጋር ሲኖር በማዕድኖቹ ውስጥ ውሃ ይይዛል። ያ ወለል ከሌላ ፕሌት ሥር ሲሰምጥ ውሃውንም ይዞ ይወርዳል። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አካባቢ ሙቀቱና ግፊቱ ውሃውን ያስለቅቁታል፤ የተለቀቀው ውሃ ከበላይ ወዳለው ማንትል ገብቶ የመቅለጫ ሙቀቱን ዝቅ ያደርገዋል። ማንትሉ ይቀልጣል። ማግማው ሽቅብ ይወጣል፣ የአህጉሩ ቅርፊት ግርጌ ላይ ሲደርስ ግን ብዙው እዚያው ይጠራቀማል፤ እየቀዘቀዘ፣ በዙሪያው ያለውንም አለት እያቀለጠ ቀስ በቀስ ወደ ግራናይትነት ይጠጋል። እዚህም ቢሆን ውሃው ለውጥ ያመጣል፦ በቂ ግፊት ባለበት ጥልቀት ውሃ የጠገበ ግራናይት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሊቀልጥ ይችላል፣ ደረቁ ግን ከ900 በላይ ይፈልጋል።

የካሊፎርኒያው ሴራ ኔቫዳ ጥሩ ማሳያ ነው። አብዛኛው ግራናይቱ የተፈጠረው ከ120 እስከ 80 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ፋራሎን የሚባለው የውቅያኖስ ፕሌት ከሰሜን አሜሪካ ሥር ሲሰምጥ ነው። ዛሬ ከፋራሎን የቀሩት ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። የመስመጡ ታሪክ ግን ተራራ ሆኖ ቆሟል። ካምቤልና ቴይለር የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1983 ጉዳዩን ጥርት አድርገው አስቀምጠውታል፦ ያለ ውሃ ግራናይት፣ ያለ ውቅያኖስም አህጉር አይኖርም። እኔም ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ሁለት አህጉሮች ሲጋጩስ? እዚያ የሚሰምጥ ውቅያኖስ የለም።

ጎበዝ ጥያቄ ነው። ሂማላያን ውሰዱ። ሕንድ ከእስያ ጋር መጋጨት የጀመረችው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በግጭቱ ቅርፊቱ እየተደራረበ ወፈረ፤ ዛሬ በቲቤት በኩል ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ይህም ከተለመደው የአህጉር ቅርፊት እጥፍ ያህል ነው። በፊት የባሕር ጭቃ የነበረው አለት በዚህ መሀል ተቀብሮ ጋለ። በውስጡ ያለው ማይካ የተባለ ማዕድን ሲፈርስ ውሃ ለቀቀ፣ አለቱም መቅለጥ ጀመረ። የማናስሉና የማካሉ ተራሮች ነጣ ያለ ግራናይት እንዲህ ነው የተገኘው፣ ያውም ከግጭቱ ሚሊዮኖች ዓመታት ዘግይቶ፤ ቅርፊቱ እስኪግል ጊዜ ይፈልጋላ።

ቻፕልና ዋይት የተባሉ ጂኦሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1974 በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ባጠኑት ግራናይት ይህን ልዩነት በሁለት ክፍል አስቀምጠውታል። አንዱ ከማግማ ከመጣ አለት የተገኘ ነው፣ ሌላው ከደለል። ዛሬ ነገሩ ከዚያ በላይ ድብልቅልቅ ያለ መሆኑ ይታወቃል፤ ብዙ ግራናይት ሁለቱንም ይዞ ይገኛል። ቢሆንም ክፍፍሉ አሁንም ይጠቅማል።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ዚርኮን በምትባል ደቃቅ ማዕድን። ዚርኮን ስትፈጠር ዩራኒየም ትቀበላለች፣ እርሳስ ግን አታስገባም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በኋላ በውስጧ የሚገኘው እርሳስ ከዩራኒየሙ መበስበስ የመጣ ነው። ዩራኒየም 238 በግማሽ ለመቀነስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይወስድበታል፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ 700 ሚሊዮን ገደማ። ሁለቱ ቆጠራዎች አንዱ ሌላውን ያመሳክራል። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኙት ጥንታዊ ዚርኮኖች እስከ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ይደርሳሉ። እነሱን የወለደው አለት ራሱ ጠፍቷል፣ እነሱ ግን በኋለኛ ደለል ውስጥ ተርፈዋል።

ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊትም ፕሌቶች ነበሩ?

ሊቃውንቱን እስካሁን የሚያከራክረው ይህ ነው፤ እኔንም ከሁሉም በላይ የሚስበኝ።

ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ግራናይት ከዛሬው ይለያል። አብዛኛው በሶዲየም የበለጸገ፣ ፖታሲየሙ ግን ያነሰ ነው። በካናዳ አካስታ ናይስ በሚባለው ጥንታዊ አለት ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ድንጋይ አለ፣ ዕድሜውም 4 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። እንዲህ ያለው ማግማ የሚገኘው ውሃ የያዘ ባዛልት ጥልቅ ቦታ ሲቀልጥ እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። ክርክሩ ባዛልቱ እዚያ ጥልቀት እንዴት ደረሰ የሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን ዛሬ እንደምናየው ፕሌት ሲሰምጥ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ያኔ ማንትሉ በጣም ሞቃት ስለነበር የባዛልቱ ክምር ራሱ እየወፈረ ሄዶ ግርጌው ቀለጠ፣ ፕሌት አላስፈለገም ይላል።

ሁለተኛው ወገን የሚጠቅሰው ጠንካራ ማስረጃ በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ ነው። እዚያ ከ3.5 እስከ 3.2 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠሩ ትልልቅ የግራናይት ጉብታዎች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ከባዱ ባዛልት ወደ ታች ሰጥሟል። ይህ ወደ ጎን የተገፋ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች የተንቀሳቀሰ ቅርፊት ይመስላል። በሌላ በኩል ደግሞ ከ3 እስከ 2.5 ቢሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ በፖታሲየም የበለጸገው ግራናይት እየበዛ መጣ፤ እሱ እንዲገኝ ደግሞ ቀድሞ የነበረ የአህጉር ቅርፊት እንደገና መቅለጥ አለበት።

እኔ ለውጡ በአንድ ጀምበር መጣ ብዬ አላስብም። መስመጥ እዚህም እዚያም ጀምሮ፣ ቆም እያለ፣ በኋላ መላውን ምድር ያዳረሰ ይመስለኛል። ይህን የማይቀበሉ አሉ፤ ፕሌቶች የጀመሩት 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው የሚሉም አሉ። እነሱም ያለ ምክንያት አይደለም፦ ቀዝቃዛ ፕሌት በፍጥነት ሲሰምጥ የሚፈጠረው ሰማያዊ ሺስት የተባለ አለት ከዚያ በፊት አይገኝም ማለት ይቻላል።

እና ግራናይት ካየን ፕሌት ነበረ ማለት ነው?

አይደለም! ይህን በግልጽ ልበል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አህጉር ሲለጠጥና ሲሰነጠቅም ግራናይት ይፈጠራል። ፕሌት በሌላት ጨረቃ ላይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመሬት ተሰውሮ ባለው ገጿ፣ ኮምፕተን ቤልኮቪች በሚባል ቦታ ሥር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የግራናይት አካል እንዳለ ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። ጥቂት ግራናይት ያለ ፕሌትም ይሠራል። አህጉር የሚያህል ክምር ግን የምናውቀው በምድር ላይ ብቻ ነው።

ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሸጠው ጥቁር ግራናይትስ?

አብዛኛው ጋብሮ የተባለ ጥቁር ድንጋይ ወይም ሌላ የባዛልት ዘመድ ነው። ነጋዴዎች ጠንካራና የሚወለወል ድንጋይ ሁሉ ግራናይት ይሉታል። ለጠረጴዛነት ምንም አይጎድለውም።

አሁንም እየተፈጠረ ነው? ከሆነስ ለምን አናየውም?

እየተፈጠረ ነው። የማናየው ከኪሎ ሜትሮች በታች ስለሆነ ነው። በአንዲስ ተራሮች አልቲፕላኖና ፑና በሚባሉት ከፍተኛ ሜዳዎች ሥር በከፊል የቀለጠ ግዙፍ የማግማ አካል አለ፤ የናዝካ ፕሌት ከደቡብ አሜሪካ ሥር በሚሰምጥበት አካባቢ። ተፈጥሮ ያለቀው ግራናይት ደግሞ ከላዩ ያለው አለት ታጥቦ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ ይህ አሥርት ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጃል። ተራራው በፍጥነት በሚነሳበትና ዝናቡ በሚበረታበት ቦታ ግን ያጥራል። በጃፓን የኩሮቤጋዋ ግራናይት ዕድሜው 800 ሺህ ዓመት ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ አሁኑኑ ወጥቶ ይታያል።