ለተቀነሳችሁ ልጆቼ፦ አትደብቁት

ይህን የምጽፈው በቅርቡ የስንብት ደብዳቤ ለተሰጣችሁ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቀጥሬያለሁ፤ የቅነሳ ደብዳቤም ጽፌያለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከቀጣሪውም ከአሰናባቹም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መቀነሳችሁን አትደብቁት።

በሥራ ቀን ጠዋት ከብሔራዊ ቲያትር እስከ ስታዲየም ያሉትን ካፌዎች ተመልከቱ። ላፕቶፕ ከፍተው በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ሁሉም ሥራ የሌላቸው አይደሉም፤ አንዳንዶቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ጠዋት እንደ ድሮው ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ከቤት ይወጣሉ። 11 ሰዓት ሲሆን ታክሲ ተጋፍተው ይመለሳሉ። እናት አታውቅም። ሚስት አታውቅም። የዕቁብ ዳኛውም አያውቅም። “ሥራ እንዴት ነው?” ሲባሉ “ተመስገን፣ ይዘነዋል” ይላሉ።

ሕመሙ ይገባኛል። በእኛ አገር ደመወዝ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ታናሽ እህት ትማርበታለች፣ ለአባት መድኃኒት ይገዛበታል፣ ክፍለ ሀገር ይላክበታል። “ተቀነስኩ” ብሎ መናገር ይህን ሁሉ ሰው ማስደንገጥ ነው። ደግሞም “ምን አጥፍቶ ይሆን?” መባሉን ትፈራላችሁ። ቅነሳና ጥፋት ግን አይገናኙም፤ ሕጉም ለይቶ ነው የሚያያቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዚህ ከተማ ስንት ጎበዝ የፕሮጀክት ሠራተኛ ቤቱ ገባ። ማን ምን አጠፋ? ገንዘቡ ቆመ፣ ሥራውም ቆመ። ቀጣሪዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

መደበቅ ምን እንደሚያሳጣችሁ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሥራ ማስታወቂያ ሳይወጣበት አስቀድሞ በወሬ ይሰማል። “ፋይናንስ ላይ ያለችው ልጅ ልትለቅ ነው” ይባላል። “እገሌ ውጭ ሊሄድ ነው፣ ሰው ሳይፈልጉ አይቀሩም” ይባላል። ይህን የሰማ ሰው እናንተን የሚያስታውሳችሁ ሥራ እየፈለጋችሁ መሆኑን ካወቀ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እኮ ለዚህም ጭምር ነው።

“ዘመድ ከሌለህ ሥራ የለም” ስትሉ እሰማለሁ። እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ፤ አልክድም፣ ያናድደኛልም። ነገር ግን ጥቆማ ሌላ፣ አድልዎ ሌላ ነው። አንድ ጥሩ ሠራተኛዬ “አብራኝ የሠራች ልጅ አለች፣ ሲቪዋን ልላክ ወይ?” ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅቷ ከሌሎቹ ጋር ተፈትና ካለፈች ገባች፣ ካላለፈችም ቀረች። ጥቆማው ያደረገላት ነገር ቢኖር ስሟን ማሰማቱ ብቻ ነው።

አነጋገራችሁም ይታሰብበት። “እስቲ ሥራ ፈልግልኝ” የተባለ ሰው አዝኖ “እሺ፣ አያለሁ” ይላል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ምን እንደሚፈልግላችሁ አያውቅማ! ይልቅ እንዲህ በሉ፦ “አራት ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር መሥራት እችላለሁ። አስመጪ ድርጅት ወይም የግል ሆስፒታል ውስጥ የምታውቀው ሰው ካለ አገናኘኝ።” ይህን አክስታችሁም፣ የድሮ አለቃችሁም፣ የግቢ ጓደኛችሁም ወዲያው ይረዱታል፤ በቴሌግራምም ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላሉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ ሲጎዳ ያየሁት እዚህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለላችሁ። የሥራ መሪ፣ ማለትም ድርጅቱን ወክሎ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ኃላፊ ከሆናችሁ አይመለከታችሁም፤ አብዛኞቻችሁን ግን ይመለከታል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የስንብት ክፍያም አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል። አራት ዓመት የሠራች ልጅ እንግዲህ የ120 ቀን ደመወዝ ታገኛለች ማለት ነው። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብላታል። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ለዚህ ነው “በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ” የሚል ወረቀት ላይ ለመፈረም የማትቸኩሉት። አንዳንድ ቦታ “ለስማችሁ ይሻላል” ብለው ያስፈርማሉ። አይሻልም። በቅነሳ የሚገባችሁን ክፍያ ልታጡበት ትችላላችሁ። ሳትፈርሙ ቤት ውሰዱት፣ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጊዜ ገደብ ስላለው ግን አትዘግዩ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ሳትይዙ አትውጡ። የሥራችሁን ዓይነት፣ ያገለገላችሁበትን ዘመንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው። እኔ የምጨምረው አለ። በየመደቡ የሠራችሁበት ጊዜ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። የሥራ ግብር መከፈሉም ይጠቀስ፤ ብዙ ማስታወቂያ ከግል ድርጅት በሚመጣ ልምድ ላይ ይህን ይጠይቃል። የለቀቃችሁት በሠራተኛ ቅነሳ መሆኑ ቢገባበት ደግሞ ኢንተርቪው ላይ ከብዙ ማብራሪያ ያድናችኋል። የስማችሁ አጻጻፍ ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። በአንዲት ፊደል ምክንያት ማመልከቻው የተመለሰበት ሰው ብዙ ነው።

የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም ያዙ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ ሲገባ የነበረው አገልግሎታችሁ ሌላ ድርጅት ስትገቡ ይቀጥላል፤ ከዜሮ አይጀምርም።

ከዚያ በዚያው ሳምንት ወደ ዕቁባችሁ ሂዱ። ይህን ጉዳይ ማንም አይነግራችሁም። ዕቁቡን ቀድማችሁ ከበላችሁ ዕዳ አለባችሁ፤ ዋሶቻችሁም አብረዋችሁ ታስረዋል። ዳኛውንና ዋሶቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ “ተቀንሻለሁ፣ እስከዚህ ጊዜ ድረስ በዚህ መልክ እከፍላለሁ” በሉ። ገና ካልደረሳችሁ ደግሞ ዕጣ እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ፤ ችግር ለገጠመው ሰው ቦታ የሚለቅ አይጠፋም። ዳኛው ከሌላ ሰው ከሰማ ግን ነገሩ ይበላሻል።

ስለ ማስታወቂያ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ አጥር ሥር ማንበብ የእኛ ዘመን የሥራ ፍለጋ ነበር፤ ዛሬ ቴሌግራሙ አለ። የረቡዕና የእሁድ ሪፖርተርን ግን አትተዉ። ካፌ ከመቀመጥ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግቡ፣ ማመልከቻችሁን እዚያ ጻፉ። “ለመመዝገቢያ ይህን ያህል በቴሌብር ላክ” የሚል ሥራ ከመጣ ዝጉት፤ ከልቡ ሊቀጥር የፈለገ ድርጅት ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ አይቀበልም።

ኢንተርቪው ላይ “ለምን ለቀቅክ?” መባሉ አይቀርም። በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱ። “ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ከክፍላችን ብዙዎቻችን ተቀነስን። እስከ መጨረሻው ሪፖርቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።” በቃ። የድሮውን ድርጅት አትማረሩበት፣ ራሳችሁንም አታሳንሱ። “ደመወዝ በስምምነት” ላለው ቦታ ደግሞ ስንት እንደምትሉ ከቤት አስባችሁበት ሂዱ። ወራት ያለ ሥራ የቆየ ሰው ስንት ትፈልጋለህ ሲባል “የሰጣችሁኝን” ይላል። ይህን ስሰማ ልቤ ያዝንላቸው ነበር፤ ምክንያቱም ያ መልስ ለዓመታት አብሯቸው ይኖራል።

ስትቀጠሩ ውሉን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ መስፈር አለበት። ከዚያ ለነገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ ደውሉ፤ እስካሁን እየፈለጉላችሁ ነው። የሚልኩላችሁን ማስታወቂያ አብሯችሁ ለተቀነሰውና ገና ላልገባው ጓደኛችሁ እንዲልኩለት ስልኩን ስጧቸው።