የኮራል ገንዳ ጥያቄዎቻችሁ፦ ነጭ ነጠብጣብ፣ የሚንቀጠቀጥ ክላውን ዓሣ እና መቀቀል የሌለበት ድንጋይ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በርከት ያሉ ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት ቤታቸው ውስጥ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚኖሩበት ትልቅ የጨው ውኃ ገንዳ ካላቸው ሰዎች ነው። ሳነባቸው አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። ሰው ኮራሉ ላይ ወይም ዓሣው ላይ አንድ ለውጥ ያይና ይደነግጣል። ወዲያው እጁ የገባውን ጠርሙስ ከፍቶ ይጨምራል። መለካት የሚታወሰው ከዚያ በኋላ ነው። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው።

ጥያቄ፦ 700 ሊትር ገንዳ ካቋቋምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ድንጋዩም፣ አሸዋውም፣ መስታወቱም ቡናማ አቧራ የለበሰ መስሏል። ዓሣ ገና አላስገባሁም። አፍርሼ እንደገና ልጀምር?

መልስ፦ ኧረ አያፍርሱት! ዳያቶም የሚባል አልጌ ነው። አዲስ ገንዳ ላይ በብዛት ይታያል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። መስታወቱን ይጥረጉ፣ ሌላውን ይተዉት። መከታተል ያለብዎት ለዓሣ መርዝ የሆኑትን አሞንያና ናይትራይትን ነው። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ እነሱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ያኔም ቢሆን አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ ያስገቡ፤ ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ከ600 ሊትር ገንዳዬ በቀን 8 ሊትር ያህል ይተናል። የጎደለውን በጨው ውኃ እየሞላሁ ነበር። አሁን ኮራሎቹ ሁሉ ተኮማትረዋል።

መልስ፦ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። በየቀኑ 8 ሊትር የጨው ውኃ ሲጨምሩ 280 ግራም ጨው ገንዳው ላይ እየደረቡ ነበር። በ10 ቀን ውስጥ ጨዋማነቱ (በአንድ ኪሎ ውኃ ውስጥ ያለው ጨው በግራም) ከ35 ተነስቶ 40 ሊደርስ ምንም አይቀረው። ከዛሬ ጀምሮ በተጣራ፣ ጨው በሌለው ውኃ ብቻ ይሙሉ። የተጠራቀመውን ጨው ግን በአንድ ቀን አያውርዱት። 15 ሊትር የገንዳ ውኃ ቀድተው በ15 ሊትር የተጣራ ውኃ ቢተኩ ጨዋማነቱ በ1 ያህል ይወርዳል። በቀን ከዚያ በላይ አይሂዱ። ጨዋማነት የሚለካውን ሪፍራክቶሜትርም ለዚሁ በተዘጋጀ የ35 መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉት። የተሳሳተ መሣሪያ ይዞ ጨው ማስተካከል በጨለማ እንደመሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ታንግ የሚባሉት ዓሦቼ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። የሸጠልኝ ሰው ገንዳው ውስጥ ኮፐር (የመዳብ መድኃኒት) ጨምር አለኝ። ልጨምር ስል ነጠብጣቡ በራሱ ጠፋና ተውኩት። ከሳምንት በኋላ በእጥፍ ተመለሰ።

መልስ፦ እንኳንም ኮፐሩን አልጨመሩ። ኮፐር ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ድንጋዩና አሸዋውም ይመጡትና በኋላ ለማስወገድ ያስቸግራል።

ያዩት ነገር ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ዓሣው ቆዳ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይመገባል። ሲጠግብ ይወድቅና አሸዋው ወይም ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ሽፋን ያበጃል። ነጠብጣቡ ጠፋ ያሉት ያኔ ነው። ሽፋኑ ውስጥ ግን እየተከፋፈለ ይባዛል። በብዛት ሆነው ይወጡና አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒቱም እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ገንዳ ውስጥ አንድም ዓሣ እንዳይኖር ማድረግ።

ዓሦቹን በሙሉ አውጥተው ወደ ሕክምና ገንዳ ይውሰዱ። ነጠብጣብ የማይታይበትም ይውጣ። ሕክምና ገንዳው አሸዋም ድንጋይም አይኑረው፤ መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማሞቂያና የስፖንጅ ፊልተር ይበቃዋል። ኮፐሩን እዚያ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ በየቀኑ በመመርመሪያ እየለኩ ይስጡ። አሞንያንም ይለኩ። ዋናው ገንዳ ኮራሎቹን ይዞ ያለ ዓሣ 76 ቀን ይቆይ። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሽፋኑ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ቆይተው የወጡ ስለተገኙ ነው ቁጥሩ እንዲህ የረዘመው።

ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ ጤነኛ የመሰለኝን ታንግ ለይቼ ሳላቆይ በቀጥታ አስገባሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ዓሣ አጣሁ። አራት ዓመት ያሳደግኳትን ቢጫ ታንግ አንድ ጠዋት ፓምፑ ሥር በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። ስንጥቧ ቶሎ ቶሎ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። እጄን ሳስገባ እንደ ልማዷ ልትሸሽ እንኳ አልሞከረችም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ዓሣ ቢያንስ አራት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ቤቴ ውስጥ ወዳለው ገንዳ አይገባም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 14 ዓመቴ ነው። ከአባቴ ጋር 450 ሊትር ገንዳ አለን። ሁለት ክላውን ዓሦች አሉን። ትንሹ ትልቁ አጠገብ ሲደርስ በጎኑ ተጋድሞ ይንቀጠቀጣል። ታሞ ነው? ደግሞ የሚጠለሉበትን አኒሞን የሚባል የባሕር እንስሳ እንግዛላቸው?

መልስ፦ ጎበዝ! ብዙ አዋቂዎች ይህን አያስተውሉም። አልታመመም። «አንቺ ትበልጫለሽ፣ አትንኪኝ» እያላት ነው። አዎ፣ ትልቋ ሴት ናት። ክላውን ዓሦች ሁሉም መጀመሪያ ወንድ ናቸው። ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴት ይለወጣል። እሷ ብትሞት አጠገቧ የነበረው ወንድ በተራው ሴት ይሆናል። ስለዚህ የትንሹ መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተጣምረዋል ማለት ነው። የሚያሳስበው ትንሹ ክንፉ ከተቀዳደደ ወይም ጥግ ይዞ መብላት ካቆመ ነው።

አኒሞኑን ቆዩ። ክላውን ዓሣ ያለ አኒሞን በደንብ ይኖራል። አኒሞን ግን ባልተረጋጋ ገንዳ ውስጥ አይበረክትም፤ ገንዳችሁ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት ይሙላው። እግር እንዳለው ሁሉ ከቦታ ቦታ ይሄዳል። ፓምፕ ውስጥ ከገባ ተቆራርጦ ውኃውን ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ ሳትገዙት በፊት ለፓምፖቹ መከለያ አድርጉላቸው። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

ጥያቄ፦ የአክሮፖራ ኮራሎቼ ጫፍ ነጥቶ ተቃጠለ። አልካሊኒቲ (ኮራል አጥንት የሚሠራበት የውኃው የካርቦኔት መጠን) 7.2 ዲኬኤች (የመለኪያው አሃድ) ነበር። 9 መሆን አለበት ስለተባልኩ ጨመርኩ፤ በማግስቱ 10.8 ሆነ። ካልሲየም 430፣ ማግኒዝየም 1300፣ ናይትሬት ዜሮ። ገንዳው 500 ሊትር ነው።

መልስ፦ 7.2 ላይ ምንም ችግር አልነበረብዎትም። የተፈጥሮ ባሕር ራሱ 7 አካባቢ ነው። ኮራሎቹን የጎዳቸው በአንድ ቀን ከ3 በላይ መዝለሉ ነው። ለኮራል ምግብ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት በሌሉበት ውኃ ውስጥ አልካሊኒቲ ከፍ ሲል ደግሞ የጫፍ መቃጠል በብዛት ይታያል። የእርስዎ ገንዳ ከፍ ያለ አልካሊኒቲንና ዜሮ ናይትሬትን አገናኝቷል።

አሁን ለማውረድ ብለው ምንም አይጨምሩ። ኮራሎቹ አጥንታቸውን ሲሠሩ ራሳቸው ይበሉታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየለኩ ይጻፉ። 8 አካባቢ ሲደርስ በቀን ስንት እንደሚወርድ ያውቁታል። እንበልና 0.7 ይወርዳል። ቤኪንግ ሶዳ 3 ግራም በ100 ሊትር ውኃ ውስጥ አልካሊኒቲን በ1 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለእርስዎ ገንዳ በቀን 10 ግራም ገደማ ይበቃል ማለት ነው። በተጣራ ውኃ አሟሙተው፣ ከተቻለ ከፋፍለው፣ ፓምፕ ባለበት ቦታ ያፍስሱት። ካልሲየምም አብሮ ይቀንሳል፤ አልካሊኒቲ በ2.8 ሲወርድ ካልሲየም በ20 ሚሊ ግራም በሊትር ይወርዳል። በ0.7 ሲሰላ በቀን 5 ነው። ካልሲየምዎ በሳምንት ውስጥ ከዚህ በጣም የተለየ ነገር ካሳየ መጀመሪያ መመርመሪያዎን ይጠርጥሩ።

በየትኛውም ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አይቀይሩ። 7.5 ላይ የተረጋጋ ገንዳ በ8 እና በ10 መካከል ከሚዋዥቅ ገንዳ በጣም ይሻላል። ዓሦቹንም ትንሽ ጨምረው ይመግቡ፤ ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ቢሆን ለአክሮፖራ ደግ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ድንጋዬን ፓሊቶዋ የሚባል ቡናማ የኮራል ዘመድ ወረረው። አውጥቼ በፈላ ውኃ ልቀቅለው አስቤያለሁ። ስንት ደቂቃ ይበቃል?

መልስ፦ አይቀቅሉት! ይህን መልስ ከሁሉም አስቀድሜ ነው የጻፍኩት፤ ለእርስዎም ወዲያውኑ ልኬያለሁ። አንዳንድ የፓሊቶዋና የዘመዱ የዞአንተስ ዝርያዎች ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። መርዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971፣ ከሃዋይ ከተገኘ የዚሁ ወገን እንስሳ ነው። ሙቀት በቀላሉ አያጠፋውም። ሲቀቅሉት ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይተነፍሰዋል። በዚህ ምክንያት ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ማርከሻም የለውም።

በብሩሽ መፈተግ፣ ሙቅ ውኃ መርጨት፣ ደረቅ ድንጋይ መሰርሰር፣ ሁሉም ይቅር። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ድንጋዩን ውኃ በያዘ ባልዲ ውስጥ እንዳለ ያውጡት። ቀላሉ ነገር ድንጋዩን መሰናበት ነው። ልጆችና የቤት እንስሳት አይጠጉ። ከነካኩ በኋላ አፍዎን መራራ ወይም የብረት ጣዕም ካለዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ዓይንዎ ከቀላ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ «ፓሊቶክሲን» የሚለውንም ቃል ይንገሩ። ሐኪሙ ይህን ላይገምት ይችላል።

ጥያቄ፦ ፎቅ ላይ 900 ሊትር ገንዳ ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ ውኃው ብቻ ከ920 ኪሎ በላይ ነው። መስታወት፣ ድንጋይ፣ መቆሚያና ሳምፕ (ከሥር የሚቀመጠው ተጨማሪ ገንዳ) ይጨመርበታል። መሐንዲስ ሳያየው አይሆንም።

ጥያቄ፦ አሸዋው ላይ አረፋ የያዘ ቡናማ ንፍጥ አለ። ቀን ይበዛል፣ ማታ ይቀንሳል። ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ነው። ውኃ በቀየርኩ ቁጥር ይብሳል።

መልስ፦ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ደቂቅ ተሕዋሲ ይመስላል። ውኃው «በጣም ንጹሕ» ሲሆን ተፎካካሪ አልጌዎች ይራባሉ፣ እሱ ሜዳውን ብቻውን ያገኛል። ውኃ መቀየሩን ለጊዜው ያቁሙ፣ ፎስፌት የሚመጠውን ነገር ያውጡ፣ ምግብ ይጨምሩ። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.05 ያህል እንዲታይ ያድርጉ። ከተቻለ ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ ይዩት። ማታ ወደ ውኃው የሚነሳው ዓይነት በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይጠቃል፤ አሸዋው ውስጥ የሚደበቀውን ግን ዩቪ አያገኘውም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማሞቂያውን ነው ማዳን ያለብኝ?

መልስ፦ አየሩን። ትልቅ ገንዳ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያጣው፤ ኦክስጅን ግን ዓሣ የበዛበት ገንዳ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑርዎት፤ ወይም አንዷን ትንሽ የሞገድ ፓምፕ ባትሪ ላይ ያያይዟት። ከሌለዎት በጆግ ውኃ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው ያፍስሱ። ዓሣ አይመግቡ። ደግሞ ዛሬውኑ፣ መብራት እያለ፣ ዋናውን ፓምፕ ያጥፉና ሳምፑ አጠገብ ይቁሙ። ከላይ የሚወርደው ውኃ ሳምፑን ሞልቶ ወለል ላይ ከፈሰሰ፣ እርስዎ በሌሉበትም እንዲሁ ይፈሳል።

ጥያቄ፦ ጋላክሲያና ሀመር የሚባሉ ሁለት ኮራሎችን በ10 ሴንቲ ሜትር አራርቄ አስቀመጥኩ። አይነካኩም። ግን ሀመሩ በአንድ ጎኑ ብቻ ሥጋው እየተላጠ ነው። ምን በሽታ ነው?

መልስ፦ ቀን ነው ያዩዋቸው። እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ መብራቱ ከጠፋ ሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዤ ገንዳው ፊት ቁጭ አልኩ። ቀን ላይ አጫጭር ኮከብ የሚመስለው ጋላክሲያ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ነበር። ከጠርዙ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ጫፋቸው ነጭ የሆነ ረጃጅም እጆች ወጥተው በሞገዱ ይወዛወዛሉ። አንዷ ክር ጎረቤቱን ነካ አደረገችው። የተነካው ቦታ ወዲያው ጭምትር አለ። ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ የጥፍር ስፋት ያለው ነጭ አጥንት ታየ።

የጋላክሲያ ክሮች ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊረዝሙ ይችላሉ፤ ሞገዱ ወደሚሄድበት ደግሞ የበለጠ ይደርሳሉ። ስለዚህ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፣ ሞገዱም ከእሱ ተነስቶ ወደ ሀመሩ እንዳይነፍስ ያድርጉ። ሀመሩን ሌላ ቦታ አያንከራትቱት፤ ጋላክሲያውን ያንሱ። የተላጠው ጎን ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካልታየ ቁስሉ ቀስ በቀስ ይሽራል። ዛሬ ማታ ባትሪ ይዘው ይቀመጡና ያዩትን ይጻፉልኝ።